ለተማርሁበት ኮሌጅ ውለታ ለመመለስ ከገንዘብና ከጊዜ የትኛውን ላስቀድም?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ኮሌጅ ከጨረስሁ የተወሰኑ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ቋሚ ሥራ አለኝ፤ ቤተሰብም መሥርቻለሁ። የተማርሁት በከፊል በነጻ የትምህርት ዕድል ነው። ክፍያዬን የሸፈነው ገንዘብ ከእኔ በፊት የተመረቁ ሰዎች ያዋጡት መሆኑን የሰማሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነበር፤ ማንነታቸውን ስለማላውቅ አመሰግናችኋለሁ ልላቸው እንኳ አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ እኔም በተራዬ ከኋላዬ ለሚመጡት አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ይሰማኛል፤ ይህ ስሜት ዓመት ባለፈ ቁጥር እየበረታ እንጂ እየደከመ አልሄደም።

የምሩቃን ማኅበሩ በየጊዜው መልእክት ይልክልኛል። አንዱ መልእክት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሌላው ለተማሪዎች አማካሪ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞችን ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ በምሩቃን ቀን ተገኝቼ ንግግር እንዳደርግ ይጋብዘኛል። ሁሉንም ለማድረግ አቅሙ የለኝም። ከደመወዜ በየወሩ መቀነስ የምችለው ጥቂት ነው፤ ጊዜዬም ቢሆን በሥራና በልጆች የተያዘ ነው፤ የምኖረው ከኮሌጁ ርቄ ስለሆነም በአካል መገኘት የምችለው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልምዱ ያላችሁን ወንድሞችና እኅቶች የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አቅሙ ውስን የሆነ ምሩቅ ከገንዘብና ከጊዜ የትኛውን ቢያስቀድም ተማሪውን የበለጠ ይጠቅማል? አማካሪ ለመሆን ብስማማ በእርግጥ የሚጠበቅብኝ ምንድን ነው? ገንዘቡስ ትንሽ ስለሆነ ለውጥ አያመጣም ብዬ ልተወው ወይስ ትንሹ ገንዘብ ሥራ የሚሠራበት መንገድ አለ? አንድ ጊዜ እሺ ካልሁ በኋላ ማቋረጥ ስለማልፈልግ አስቀድሜ ጠይቄ መግባትን መርጫለሁ።

መልስ 1፦ የምሩቃን አማካሪነት መርሐ ግብር ከሚያስተባብር ሰው

ውድ ጠያቂ፣ እኔ ምሩቃንን ከተማሪዎች ጋር በማገናኘት ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ የምመልሰው ስለ ጊዜው ነው፤ ስለ ገንዘቡ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ እንደሚጽፉልዎ እተማመናለሁ።

ቃልዎን ጠብቀው ሊዘልቁበት የሚችሉ ከሆነ ማስቀደም ያለብዎ ጊዜዎን ነው እላለሁ። የዛሬ ተማሪ ስለ ሥራው ዓለም አጠቃላይ መረጃ አያጣም፤ ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ፣ በቃለ መጠይቅ ምን እንደሚጠየቅ በስልኩ ፈልጎ ያገኘዋል። የሚያጣው የራሱን ጉዳይ በዝርዝር ተመልክቶ «አንተ ባለህበት ሁኔታ ይኸኛው መንገድ ይሻልሃል» የሚለው ሰው ነው። ወላጆቹ ወይም ታላላቆቹ ኮሌጅ የገቡለት ተማሪ ይህን ሰው እቤቱ ውስጥ ያገኘዋል፤ ከቤቱ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ የሆነው ልጅ ግን ከምሩቃን በቀር የሚጠይቀው ሰው ላይኖረው ይችላል።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ዝነኛ ጥናት እንዳስረዱት፣ አዲስ ወሬ ወደ ሰው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አልፎ አልፎ በሚያገኛቸው ሰዎች በኩል ነው፤ የቅርብ ወዳጆቹ የሚያውቁትን እሱም አስቀድሞ ያውቀዋልና። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ሙከራ ውጤት አሳትመው፣ ሰዎች ወደ አዲስ ሥራ እንዲሸጋገሩ ይበልጥ የሚረዳው እጅግ የቀረበም ፈጽሞ የራቀም ያልሆነ ትውውቅ መሆኑን አሳይተዋል። ምሩቅ ለተማሪ ማለት ይህ ነው። ዘመዱ አይደለም፤ ባዳም አይደለም፤ ተማሪው ያልገባበትን ዓለም ያውቃል፤ ተማሪው የተቀመጠበትንም ወንበር ያውቀዋል።

ሁለተኛው ማስረጃ የእርስዎን «ምን ይጠበቅብኛል» የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። ኤሪክ ቤቲንገርና ሬቸል ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከ13 ሺህ በላይ ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ አንደኛው ወገን በስልክ እየደወለ ሁኔታቸውን የሚከታተል አሠልጣኝ ተመደበለት፤ ሌላው አልተመደበለትም። አሠልጣኝ ያገኙት ተማሪዎች ትምህርታቸውን የመቀጠል ዕድላቸው በ5 መቶኛ ነጥብ ገደማ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱም ክትትሉ ካበቃ በኋላ ወዲያው አልጠፋም። እነዚያ አሠልጣኞች ተቀጣሪ ባለሙያዎች እንጂ በጎ ፈቃደኞች ስላልነበሩ ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። እኔ ከጥናቱ የምወስደው ግን ደዋዩ አሠልጣኙ እንጂ ተማሪው አለመሆኑን ነው። አብዛኞቹ ምሩቃን «ሲያስፈልግህ ደውልልኝ» ብለው በቅንነት ይለያያሉ፤ ተማሪው ግን ማስቸገር መስሎት አይደውልም፤ እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ወገኖች መልካም ሐሳብ እያላቸው ግንኙነቱ ይሞታል።

ስለዚህ ለጀማሪ አማካሪ የምመክረው እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ብቻ ይቀበሉ። የሚገቡት ቃል ለአንድ ሴሚስተር ይሁን እንጂ ወሰን የሌለው አይሁን። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ቋሚ ቀጠሮ ይያዙና የሚደውሉት እርስዎ ይሁኑ። ርቀትዎ ችግር አይደለም፤ የስልክና የቪዲዮ ውይይት ለዚህ ሥራ ይበቃል። በመጀመሪያው ውይይት ስለ ራስዎ ከመናገር ይልቅ ተማሪው በዚህ ሴሚስተር ምን እንደሚከብደው፣ ከምረቃ በኋላ ምን እንደሚያስብ፣ ስለ ሙያው ምን እንደሰማና የሰማው እውነት ይሁን አይሁን እንደሚጠራጠር ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ ያሉት ውይይቶች አንድ አንድ ተጨባጭ ሥራ ይኑራቸው፤ አንድ ቀን ሲቪውን መስመር በመስመር አብራችሁ ታያላችሁ፤ ሌላ ቀን እርስዎ እንደ ቀጣሪ ሆነው ቃለ መጠይቅ ያደርጉለታል፤ ሌላ ቀን ደግሞ የሙያ ባልደረባዎን በውይይቱ ላይ ጋብዘው ያስተዋውቁታል። እኔ እንዳየሁት ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ማስተዋወቅ ነው፤ ወጪውም ለእርስዎ አንድ መልእክት መጻፍ ብቻ ነው።

የማይገባውንም አስቀድመው ይወቁ። ሥራ አስቀጥርሃለሁ ብለው ቃል አይግቡ፤ ለተማሪው ገንዘብ አያበድሩ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን አይጻፉለት፤ ግንኙነታችሁ በመርሐ ግብሩ አስተባባሪ ዘንድ የታወቀ ይሁን። ተማሪው ከባድ የኀዘን ወይም የጭንቀት ምልክት ካሳየ ብቻዎን ሊሸከሙት አይሞክሩ፤ በኮሌጁ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ወዳሉ ባለሙያዎች እንዲሄድ ይርዱት።

መልስ 2፦ በኮሌጅ የሀብት አሰባሰብ ክፍል ከሠራ ሰው

ከላይ የተጻፈው መልስ የተሟላ ስለሆነ እኔ ወደ ገንዘቡ እሄዳለሁ፤ በተለይም «ትንሽ ስለሆነ ለውጥ አያመጣም» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ቅን ምሩቃንን ከመስጠት ስላስቀረ በዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አንባቢዎች ይቅር በሉኝ።

የምሩቃን ድጋፍ ታሪክ የጀመረው በሀብታሞች ስጦታ አይደለም። በአሜሪካ ከሁሉ ቀዳሚ የሆነው የምሩቃን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1821 በዊሊያምስ ኮሌጅ የተመሠረተው ነው። በዚያ ዓመት የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አምኸርስት የተባለውን አዲስ ኮሌጅ ለመምራት ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹን አስከትለው ሲሄዱ ዊሊያምስ ይዘጋል ተብሎ ተፈራ፤ ያን ጊዜ ምሩቃኑ ተሰብስበው ኮሌጃቸውን ለመደገፍ ማኅበር አቋቋሙ። ኮሌጁም እስከ ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የራሳቸውን ፈንድ መሠረቱ፤ የፈንዱ ሐሳብ እያንዳንዱ ምሩቅ በየዓመቱ እንደ አቅሙ ጥቂት ጥቂት እንዲያዋጣ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ኮሌጆች የሚታየው ዓመታዊ መዋጮ ከዚህ አሠራር የተቀዳ ነው። ስለ ትልልቅ ስጦታዎች ሲነሳ ስማቸው የሚጠራው ማይክል ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ2018 ለተማሩበት ለጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የመክፈል አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች መርጃ እንዲሆን 1.8 ቢሊዮን ዶላር ሰጥተዋል፤ እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ከተመረቁ በኋላ በማግስቱ ዓመት የሰጡት የመጀመሪያ ስጦታ ግን 5 ዶላር ነበር። ይህን የማነሣው እርስዎም አንድ ቀን ቢሊዮን ይሰጣሉ ለማለት አይደለም፤ የመስጠት ልማድ የሚጀምረው ገቢ እስኪያድግ ድረስ በመጠበቅ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ስጦታ ሲሰጡ ገንዘቡ የት እንደሚገባ መጠየቅ መብትዎ ነው። በአንድ በኩል ዋናው ሳይነካ ከትርፉ ብቻ ወጪ የሚደረግበት ቋሚ ፈንድ አለ፤ ኢንዶውመንት የሚሉት ነው። ከእንዲህ ያለው ፈንድ በዓመት ወጪ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እጅ ከ4 እስከ 5 የሚሆነው ብቻ ስለሆነ፣ 100 ሺህ ቢያስገቡ ለተማሪ የሚደርሰው በዓመት 4 ሺህ ወይም 5 ሺህ ነው። ይህ ለዘመናት እንዲዘልቅ ለታሰበ ትልቅ ስጦታ ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ለአነስተኛ ወርሃዊ መዋጮ ግን ተማሪው ዘንድ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ይሆናል። በሌላ በኩል የገባው ገንዘብ በዚያው ዓመት ወጪ የሚሆንበት ፈንድ አለ። እርስዎ ባሉበት አቅም እኔ የምመክረው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ ከእርሱም ውስጥ የተማሪዎች የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ የሚባለውን።

የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ለምን? ብዙ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው የዓመቱን ሙሉ ክፍያ አጥቶ አይደለም፤ በቀረችበት ጥቂት ዕዳ ምክንያት መመዝገብ ስለሚከለከል፣ የሚማርበት ኮምፒዩተር ስለሚበላሽበት ወይም የቤት ኪራይ ስለሚጎድለው ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን ተገንዝቦ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ለምረቃ ተቃርበው ሳለ በአነስተኛ ቀሪ ዕዳ ምክንያት ከምዝገባ ሊሰረዙ የነበሩ ተማሪዎችን እየለየ፣ እስኪያመለክቱ ሳይጠብቅ ዕዳቸውን ይሸፍንላቸው ጀመር። በዚህ ድጋፍ በትምህርታቸው ቀጥለው ለምረቃ የበቁት ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ትንሽ የሚባለው ገንዘብ ቦታውን ሲያገኝ የሚሠራው ይህን ነው፤ ዓመታት የተለፋበት ትምህርት በመጨረሻው ደጃፍ ላይ እንዳይቀር ያደርጋል።

ሌላው ብዙዎች የማይጠይቁት ነገር አለ። አንዳንድ አሠሪ ድርጅቶች ሠራተኛቸው ለትምህርት ተቋም የሰጠውን ያህል እነሱም ጨምረው ይሰጣሉ። ይህ አሠራር በሰፊው የታወቀው ጀነራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1954 ሠራተኞቹ ለተመረቁባቸው ኮሌጆች የሚሰጡትን መዋጮ በእኩል መጠን ማሟላት ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍልዎን አንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ አሠራር ካለ ያለ ተጨማሪ ወጪ ስጦታዎ እጥፍ ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ዕቃ ለመስጠት ሲያስቡ አስቀድመው ይደውሉ። አሮጌ ኮምፒዩተርና ያለፈበት የመማሪያ መጽሐፍ ለመስጠት የሚመጣ ምሩቅ ብዙ ነው፤ ኮሌጁ ላለማስቀየም ተቀብሎ የሚያስቀምጥበት፣ የሚጠግንበትና የሚያስወግድበት ወጪ ግን በራሱ ላይ ይወድቃል።

መልስ 3፦ በመመረቂያ ዓመት ላይ ካለች ተማሪ

ታላላቆቼ የጻፋችሁትን በአክብሮት አነበብሁ፤ እኔ ተቀባይ ከሆነው ወገን ስለሆንሁ ጥቂት ብጨምር ይጠቅማል ብዬ ነው።

አማካሪዬ የረዱኝ በብዙ ነገር ነው፤ ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ማንም የማያስተምረንን ነገር ሳያሳፍሩ ያስረዱኝ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ ለማላውቀው ሰው የሥራ ጥያቄ ኢሜይል እንዴት እንደሚጀመር፣ በቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ደመወዝ ሲነሳ ምን እንደሚባል፣ የቅጥር ውል ከመፈረሜ በፊት የትኛውን ክፍል ደግሜ ማንበብ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። እነዚህ ነገሮች ለሚያውቃቸው ሰው ጥቃቅን ስለሚመስሉት አይነግረንም፤ እኛ ደግሞ ጥያቄው የሚያሳንሰን ስለሚመስለን አንጠይቅም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ተማሪውን «ይህን ታውቃለህ?» ከማለት ይልቅ «እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ላሳይህ» ቢሉት መንገዱ ይከፈታል።

ብዙ ተማሪዎች የሚቸገሩበት ሌላ ነገር ቢኖር «በእኛ ጊዜ» የሚለው ንግግር ነው። አንድ ምሩቅ ሥራ ያገኘበት መንገድ ዛሬ ላይኖር ይችላል፤ ያም ሆኖ የዛሬውን ተማሪ በዚያው መለኪያ ሲመዝኑት ውይይቱ ወደ ወቀሳ ይዞራል። ያለፉበትን ችግር መስማት እንወዳለን፤ ከእኛ ችግር ጋር ካላወዳደሩት ያበረታናል።

ስለ አስቸኳይ ጊዜ ፈንዱ የተጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ልማጸን ወደድሁ። ገንዘቡን የምትሰጡ ምሩቃን ገንዘቡ በምን አኳኋን ለተማሪው እንደሚደርስም ጠይቁልን። ለአነስተኛ ድጋፍ ብዙ ቅጽ ማስሞላት፣ ችግሩን በተለያዩ ቢሮዎች ደጋግሞ ማስነገር፣ ከዚያም መልሱን ለሳምንታት ማዘግየት የተለመደ ከሆነ፣ በጣም የተቸገረው ተማሪ አስቀድሞ ተስፋ ይቆርጣል። የሰጪ ጥያቄ የሚሰማውን ያህል የተቀባይ ቅሬታ አይሰማምና ይህን ልትጠይቁልን የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

መልስ 4፦ ከሌላ ምሩቅ

ሐሳቤ ከቀደሙት ትንሽ ይለያል። እኔ የተማርሁበት ተቋም በተማሪነቴ ብዙ በደል አድርሶብኛል፤ ስለዚህ ለተቋሙ ምንም ዕዳ እንዳለብኝ አላምንም፤ ክፍያዬን ከፍዬ ተምሬያለሁ። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ አልበደሉኝም። ለዚህ ነው ለአጠቃላይ ፈንዱ ሳልሰጥ በየዓመቱ በራሴ የትምህርት ክፍል ያሉ ተማሪዎችን የተግባር ልምምድ ቦታ በማፈላለግ የማግዘው። ጠያቂው በመልካም ትዝታ ተነሥተው ስለሚጽፉ ይህ እሳቸውን አይመለከታቸውም ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን ውይይት የሚያነቡ፣ ከኮሌጃቸው ጋር ተቀያይመው የተለያዩ ምሩቃን ካሉ፣ ተማሪን ለመርዳት ከተቋሙ ጋር መታረቅ ግዴታ አለመሆኑን እንዲያውቁት እወዳለሁ።

መልስ 5፦ ከአንድ የኮሌጅ መምህር

የቀደመው ጸሐፊ ያነሡት የተግባር ልምምድ ጉዳይ እኛን መምህራንን በእጅጉ የሚያስጨንቀን ስለሆነ ከዚያው ልቀጥል። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ለድርጅቶች በየዓመቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አብዛኛው ደብዳቤ ተቀብሎ የሚከታተለው ሰው ስለሌለ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። በድርጅቱ ውስጥ አንድ ምሩቅ ካለን ግን ደብዳቤው የት እንደደረሰ የሚጠይቅልን ሰው አገኘን ማለት ነው። በተጨማሪም ተማሪው ሄዶ ፋይል ሲያመላልስ እንዳይከርም፣ ከሙያው ጋር የተያያዘ ሥራ እንዲሰጠው የሚያደርገው ይኸው ምሩቅ ነው። ይህ ለምሩቁ ጥቂት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ለተማሪው ግን በሲቪው ላይ የሚሰፍር የመጀመሪያው እውነተኛ ልምድ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሆን ጥያቄ ነው። ተማሪዎቻችን ርእስ ሲያጡ ከዓመት ዓመት የሚደጋገም ርእስ ይዘው ይመጣሉ። በሥራ ላይ ያላችሁ ምሩቃን በየቀኑ የሚያጋጥማችሁን፣ ነገር ግን ለመመርመር ጊዜ ያጣችሁለትን ችግር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ብትልኩልን፣ የድርጅታችሁን ምስጢር ሳትነኩ፣ ለእኛ ከፍተኛ ስጦታ ነው። ተማሪው እውነተኛ ጥያቄ ይመረምራል፤ እናንተም በመጨረሻው ገለጻ ላይ በቪዲዮ ተገኝታችሁ ሥራውን ብትገመግሙለት፣ መምህር ብቻ ከሚሰጠው ግምገማ ይልቅ በጥንቃቄ እንደሚዘጋጅ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ።

ሦስተኛው ብዙዎች ከቁም ነገር የማይቆጥሩት ነው። ኮሌጁ ስለ ሥራችሁና ስለ ትምህርቱ ጥቅም የሚጠይቅ መጠይቅ ሲልክላችሁ እባካችሁ መልሱልን። ለምሳሌ ለኢንጂነሪንግና ለኮምፒዩተር ትምህርት ፕሮግራሞች ዕውቅና የሚሰጠው ኤቤት የተባለው ድርጅት፣ አንድ ፕሮግራም ምሩቃኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምን ሊያከናውኑ እንደሚገባ በዓላማው እንዲያስቀምጥ፣ ይህንንም ዓላማ ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ወገኖች ጋር በየጊዜው እንዲፈትሽ ይጠይቃል። ከእነዚህ ወገኖች ዋነኞቹ ምሩቃን ናቸው። አንድ ኮርስ ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም በሥራ ላይ በየቀኑ የሚያስፈልግ ነገር በትምህርቱ ውስጥ የለም ብሎ የሚነግረን ሰው ከሌለ፣ እኛ መምህራን የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ስናቀርብ በእጃችን ማስረጃ አይኖረንም። «የተማርሁት ስታቲስቲክስ በቂ አልነበረም» የምትል አንዲት ግልጽ ዓረፍተ ነገር፣ በቁጥር በርክታ ከብዙ ምሩቃን ስትመጣ፣ በጉባኤ ላይ የእኔን የአንድ ሰዓት ክርክር ትበልጣለች።

በምሩቃን ቀን ስለሚደረገው ንግግር ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን በአዳራሽ ለመቶዎች ከሚደረግ ንግግር ይልቅ በአንድ ክፍል ለሃያ ተማሪዎች የሚሰጥ፣ አንድን የሥራ ጉዳይ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚያሳይ ትምህርት ይበልጥብኛል። ጊዜዎ ጥቂት ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ፤ የኮርሱን መምህር አስቀድመው ቢያነጋግሩትም ትምህርቱ ከሳምንቱ ርእስ ጋር እንዲገጥም ያደርገዋል።

ጠያቂው እንደገና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተማሪዋ መልስ በተለይ ነክቶኛል፤ ሰጪው ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስ መጠየቅ እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። ለጊዜው የወሰንሁት በሚመጣው ሴሚስተር አንድ ተማሪ ለመቀበል፣ በየወሩ የምችለውን ወደ አስቸኳይ ጊዜ ፈንዱ ለማስገባት፣ በመሥሪያ ቤታችንም ተመጣጣኝ ስጦታ የሚሰጥበት አሠራር መኖሩን ለመጠየቅ ነው። የፕሮጀክት ርእሱን ለመላክም አስቤያለሁ፤ ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን የምንጽፈው ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በሥራዬ ጠባይ ምክንያት በዓመቱ ውስጥ እጅግ የምጣደፍባቸው ወራት አሉ። በመካከል ቀጠሮ ለማክበር የማልችልበት ጊዜ ቢመጣ ለተማሪው የሚሻለው ምንድን ነው? ከጅምሩ አለመግባቴ ነው ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ?

መልስ 1፣ ተጨማሪ

ይግቡ፤ ነገር ግን የሚጣደፉባቸውን ወራት ለአስተባባሪውም ለተማሪውም በመጀመሪያው ውይይት ላይ ይንገሩ። ተማሪን የሚጎዳው ቀድሞ የተነገረ ዕረፍት አይደለም፤ ያለ ምክንያት የሚመጣ ዝምታ ነው፤ ዝምታውን ብዙ ጊዜ የራሱ ጥፋት አድርጎ ይወስደዋልና። በእነዚያ ወራት የግማሽ ሰዓቱን ውይይት በሁለት መስመር የጽሑፍ መልእክት ሊተኩት ይችላሉ፤ «ይህን ወር ተይዣለሁ፤ ፈተናህ እንዴት ሆነ? በሚቀጥለው ወር በቀጠሯችን እንነጋገራለን» ማለት ይበቃል።

ከዚያ የባሰ ነገር ቢመጣና ፈጽሞ መቀጠል ካልቻሉ፣ ለአስተባባሪው በጊዜ ይጻፉና ተማሪው ለሌላ አማካሪ እንዲተላለፍ ያድርጉ፤ ከተቻለም አዲሱን አማካሪ እርስዎ ራስዎ በአንድ የጋራ ውይይት ያስተዋውቁት፤ እስከዚያ ድረስ ምን ምን እንደሠራችሁም በአጭሩ ጽፈው ያስረክቡ። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «የሚመችዎ ጊዜ» የሚል ክፍል ስላለ፣ እዚያ ላይ ነጻ የሆኑባቸውን ወራት ብቻ ይሙሉ፤ እኛም ከቀን መቁጠሪያዎ ጋር የሚገጥም ተማሪ እንፈልግልዎታለን።